ጉንፋናሙ አንባቢ

ባለፈው ሳምንት ከበደሌ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ መቱ መግቢያ ላይ አወረደን። ዝናቡም ያንኑ ሰዓት ጠብቆ ነው የመጣው። ቦርሳዬን በፌስታል ሸፍኜ መጀመሪያ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገባሁና አዲሱ መናኸሪያ ጋ እንዲያደርሰኝ ለሹፌሩ ነገርኩት። በመስታወቱ አየኝ።

«የቱ አዲሱ?»

«አዲሱ ነዋ።»

«አዲሱ አዲስ ነው አሮጌው አዲስ?»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ወገቤ ከመንገዱ ጋር ሲታገል ውሎ የኔ መሆኑ ቀርቷል። ለመሳቅ የሚሆን አቅም አለኝ ብዬ አላሰብኩም፤ ግን ሳቅኩ። «አሮጌው አዲስ» አልኩት። እሱም ነገሩ ምንም ሳይደንቀው መሪውን አዞረ።

ለብቻ የሚስቅ ሰው ዕብድ ይመስላል፤ ሹፌሩም እንዲያ ሳይለኝ አልቀረም። እኔ ግን «አዲሱ» በምትባል በዚች አንዲት ቃል የተነሣ የወጣትነቴን አንድ ክረምት ከነጭቃው ያለቀስኩበት ሰው ነኝ። በደሌ የሄድኩትም ለሌላ «አዲስ» ነበር፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መንገዱን ሁሉ የጋሼ ዋቅጅራ ነገር በጆሮዬ ሲመላለስ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ያኔ ጅማ ትምህርቴን ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። አገሬ መቱ ተመልሼ፣ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞችን በሚያሠለጥን አንድ ትንሽ ተቋም የኮምፒዩተር ክፍል ቴክኒሺያን ሆኜ ተቀጠርኩ። ዛሬ ተቋሙ የለም፤ ቤቱን ሌላ መሥሪያ ቤት ይዞታል። የኢሉባቦርን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ መቼ እንደሚያባራ እንጂ መቼ እንደሚጀምር የሚጠይቅ የለም። ሻጋታው በመጻሕፍቱ አልበቃ ብሎት ኮምፒዩተሮቹ ሆድ ውስጥ ይበቅል ነበር። ጠዋት ጠዋት ክዳናቸውን ከፍተን በቀለም መቀቢያ ብሩሽ እንጠርጋቸዋለን። ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት እያልኩ እጠርጋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ነጋሳ ይባላል። የሁሩሙ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ወሬ የሚይዝ። ኮምፒዩተሮቹን ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የምናስኬዳቸው ተፈላስፈን አልነበረም፤ በነጻ ስለሚገኝና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ስላንገሸገሸን ነው። ኢንተርኔቱ ሲመጣም ሲሄድም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ የምንፈልጋቸውን ፕሮግራሞች አንዴ እናወርድና ራሳችን ጠቅልለን፣ ፍላሽ ላይ ጭነን፣ ጎሬና ያዮ ላሉት ቅርንጫፎቻችን በሚኒባስ እንልካለን። ጥቅሉን ፓኬጅ እንለዋለን። ፓኬጁ ፕሮግራሙን ይይዛል፤ «እኔ እንድሠራ እነእገሌ አብረውኝ መኖር አለባቸው» የሚል ማሳሰቢያም ይይዛል። ረዳቱ ፍላሹን ከቲኬቱ ጋር ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። አንዳንዴ ፍላሹ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ረዳቱ ብቻ ይደርሳል።

ጋሼ ዋቅጅራ የተቋሙ የቋንቋ መምህር ነበሩ፤ መቱ ይኖራሉ፣ ክፍላቸው ግን ጎሬ ቅርንጫፍ ነው። አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም ያስተምራሉ። ብርሃናቸውን ያጡት ገና ሕፃን ሳሉ በኩፍኝ ነው። ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ያዞራሉ፤ ከቡናማ ኮታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። አንባቢው የጓደኛውን ወረቀት ሲያገኝ እያነበበ ያርመዋል። የሚጠላው ልጅ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ደህናውን ዐረፍተ ነገር እግሩን ይሰብረዋል። ጋሼ ዋቅጅራ ይህን አላጡትም። «ሲያነቡለት ሊቅ፣ ሲጠይቁት ደንቆሮ የሆነ ስንት ተማሪ አሳልፌአለሁ» ይሉ ነበር። ግን ምን ያድርጉ? በሰው አፍ የሚያነብ ሰው አፉ የሰጠውን ይቀበላል።

ከዚህ ያወጣቸው ደሳለኝ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ደሳለኝ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል እያንዳንዱን በራሱ ድምፅ ቀረጸ፤ የአፋን ኦሮሞውን የላቲን ፊደል፣ የቁቤውንም ጨመረ። ከዚያ የተጻፈውን እየተከተለ ድምፆቹን የሚገጣጥም ፕሮግራም ሠራላቸው። ታዲያ ሲቀርጽ ክረምት ነበርና ጉንፋን ይዞት ነበር። አፍንጫው እንደተደፈነ ቀረ። «እማማ» ሲል «እባባ» ይመስላል። ተማሪዎቹ ፕሮግራሙን «ጉንፋናሙ» አሉት፤ ደሳለኝ የሰጠው ስም ምን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

የጉንፋናሙ ሌላው ችግር ማጥበቅ አለመቻሉ ነበር። በቁቤ የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ በአፋን ኦሮሞ ደህና ያነባል። የኛ ፊደል ግን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ አንባቢው ነው እንደ ነገሩ የሚያጠብቀው። ጉንፋናሙ ሁሉንም ያላላል። «አለ» የሚል ቃል ሲያገኝ፣ የተጻፈው ሰውየው መኖሩን ለመንገር ቢሆንም እንኳ፣ «ተናገረ» እንደማለት አላልቶ ያነበዋል። ጋሼ ዋቅጅራ በዚህ ነገር ይዝናኑበት ነበር።

«ስሜ በአማርኛ ምን ማለት ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ዋቅ ጅራ፣ እግዜር አለ ማለት ነዋ ጋሼ።»

«ጻፊለት እስቲ።»

ጻፍኩለት። ጉንፋናሙ በተደፈነ አፍንጫው «እግዜር አለ» ብሎ አላልቶ አነበበና ዝም አለ። ጋሼ ዋቅጅራ ጭናቸውን መቱ። «ይኸው! ምን እንዳለ ግን አይነግረንም!»

ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋሉ፤ ጋሼ ዋቅጅራ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥጋቸውን ይዘው ያርማሉ። ጉንፋናሙ የማንንም ልጅ አያሞግስም፣ የማንንም አያዋርድም። ስሕተቱን እንደ ስሕተቱ ያነባል። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው አፍ ያነበቡት ያኔ ነው።

አንድ ክረምት ለኛም ለቅርንጫፎቹም አዳዲስ ኮምፒዩተሮች መጡ። ሁሉም ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለሁለት ቀን ያህል።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ሠላሳ ሁለት ቢት፣ አዲሶቹ ስድሳ አራት ቢት የሚባሉት ነበሩ። ልዩነቱ የስፍር ልዩነት ነው። ገበያ ላይ አንዷ በትንሽ ጣሳ ትሰፍራለች፣ ሌላዋ በትልቅ። በቆሎው ያው በቆሎ ነው። ግን በትንሹ ልቀበል ብሎ እቃውን የዘረጋ ሰው ላይ በትልቁ ቢገለብጡበት መሬት ይፈስሳል። ፕሮግራምም ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም። ድምፅ ማውጣት ሲፈልግ፣ ላይብረሪ ከሚባለው የጋራ ዕቃ ቤት የድምፅ ሥራ የሚያውቀውን ጠርቶ ከሱ ጋር ይቀባበላል። መቀባበል የሚችሉት በአንድ ስፍር ሲሰፍሩ ብቻ ነው። አዲሱ ማሽን በትንሹ ጣሳ መስፈር አያቅተውም ነበር፤ ከሱ ጋር የመጣው ዕቃ ቤት ግን በትልቁ ብቻ የሚሰፍር ነው። ጉንፋናሙ ደግሞ የተሠራው በትንሹ ነው።

ደሳለኝ መጀመሪያ የጻፈውን ምንጭ ጽሑፍ ብናገኝ በአዲሱ ስፍር መልሰን እናበጀው ነበር። ደሳለኝ ጋ ደወልን። ምንጩ የነበረበት ላፕቶፕ መብራት ሄዶ በኃይል የተመለሰ ዕለት ተቃጥሏል። «ያለው እሳቸው ጋ ያለው ብቻ ነው» አለን።

ጉንፋናሙን አዲሱ ማሽን ላይ ስናስነሣው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለን። ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሏል። ስሙ ይታያል፣ መጠኑ ይታያል። የሌለው እሱን ተቀብሎ የሚያስነሣው በትንሹ የሚሰፍር ዕቃ ነው፤ ማሽኑ ግን የጎደለውን ትቶ የመጣውን ነው የለም የሚለው። ነጋሳ ሦስቴ አራቴ ሞከረ፤ መልሱ ያው ነው።

«ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብሎ የለም ይለዋል?» አሉ ጋሼ ዋቅጅራ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲህ የለም የመባሉ ተራ የኔ ነው» አሉ። ትከሻቸው አልሳቀም።

እውነትም ተራው የሳቸው ነበር። ኃላፊያችን አቶ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ፣ እሱ ደግሞ ከክፋት ባልተናነሰ ይጎዳል። አዲስ የወሰደ አሮጌውን ይመልስ የሚል ትእዛዝ መጥቶ አሮጌዎቹ ማሽኖች በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ። አንድ እናስቀር ብለን ለመንን፣ አልሆነም። ጋሼ ዋቅጅራ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ራሳቸው የሚያርሙበት መንገድ ካልተገኘ የጎሬው ክፍላቸው ለሌላ መምህር ይሰጣል፣ እሳቸው አማካሪ ይሆናሉ ተባለ። አማካሪ ማለት ኮሪደር ላይ ወንበር ማለት ነው፤ የሚያማክረው ሰው ሳይመጣ ይመሻል።

«እኔ መቼ ጠላኋቸው?» አሉኝ አቶ ታደሰ። «አንባቢ እንመድብልዎ ብያቸው ነበር። በሰው አፍ አልመለስም አሉኝ።»

እኔና ነጋሳ ያሰብነው መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው። ዋናውን ዕቃ ቤት ለአዲሱ ትተን፣ በጎኑ «አሮጌ» የሚል ክፍል ከፈትንና ለጉንፋናሙ የሚያስፈልጉትን በትንሹ የሚሰፍሩ ላይብረሪዎች እዚያ ከተትናቸው። ደባል አስገባን ማለት ነው። ደባል መቼም ሰው ቤት ሲኖር ኑሮው በባለቤቱ ፈቃድ ነው። አንዱን ላይብረሪ ስትጠሪው ዘመዶቹን አስከትሎ ይመጣል፤ ዘመዶቹም ዘመድ አላቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለተኛ ፓኬጅ እንሠራለን፤ ስሙ መጨረሻ ላይ «አሮጌ» እንቀጥላለን። ዋናው ሲታደስ ደባሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጉንፋናሙም ድምፁ ይጠፋል። መልሰን እንጠግናለን። ሻዩ እየቀዘቀዘ፣ ዳቦው እየደረቀ፣ መስኮቱ ላይ ዝናቡ እየወረደ ሐምሌ አለቀ። የድካሙ ዓይነት የሚገርም ነው። ዕቃ የተሸከመ ሰው ቢያንስ ሲያወርድ ይታያል፤ እኛ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለን ማታ የምናሳየው የለንም።

አንድ ከሰዓት ጉንፋናሙ ተናገረ። ነጋሳ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ደስታችን ግን ዕድሜ አላገኘም፤ በዚያው ሰሞን ለጎሬ ቅርንጫፍ መዳፍ የሚያካክሉ፣ መብራት የማይበሉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ከርዳታ መጡ። እነሱ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ስፍር ነበራቸው።

«ይሄንንስ ምን ልንለው ነው?» አለ ነጋሳ። «አዲሱ አዲስ?»

ቀልዱን ነበር። ሌላ ስም ስላላገኘን ግን እንዲያው ሳንወስን ቆየን። ለሦስቱም ፓኬጆቻቸውን ጠቅልለን በአንድ ፍላሽ ወደ ጎሬ ላክን። የጎሬው ቴክኒሺያን ሙሉጌታ ደወለልኝ፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«የቱን ልጫን?»

«አዲሱን።»

«ሁሉም ላይ?»

«አዲሱን ጫን፣ ጉንፋናሙ እንዲሠራ አሮጌውን ጨምርበት።»

እኔ አዲሱ ስል ትልልቆቹን ማሽኖች ማለቴ ነበር። ጎሬ ላይ ግን አዲሱ ማለት ሰሞኑን የመጣው ነው፤ ትንንሾቹ። ሙሉጌታ የትንንሾቹን ፓኬጅ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማሽን ሁሉ ላይ ጫነው። የጠቀለልነው ራሳችን ስለነበር «ይህ ያንተ ስፍር አይደለም» ብሎ የሚመልስ ምልክት አልነበረበትም። ሁለታችንም የተናገርነው አማርኛ ነው፤ ሁለታችንም ትክክል ነበርን።

በማግስቱ ከጋሼ ዋቅጅራ ጋር ጎሬ ወጣን። ደስ ብሏቸው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር የመጡት። ክፍሉ ስንገባ ሙሉጌታ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ያስነሣነው ትልቅ ማሽን ሁሉ «የለም» ይላል። ጉንፋናሙ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ መጻፊያውም የለም፣ ሰዓቱም የለም። ጋሼ ዋቅጅራ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው አውልቀው ገመዱን ጠቀለሉት። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። የዚያን ዕለት ሥራዬን ልተው ቆርጬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ትምህርት ሊከፈት የቀረው ጥቂት ነው፣ አቶ ታደሰ ራሳቸው መጥተው ክፍሉን እንደሚያዩ ተናግረዋል።

ወደ መቱ ስንመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ጋ ሲቆም ጋሼ ዋቅጅራ በመስኮት ሁለት ገዝተው አንዱን ሰጡኝ። ጨው ነክቶታል፤ ጭሱ ከእርጥቡ ጫካ ሽታ ጋር ይገባል። መብላት አልፈለግሁም፣ ግን ይዞ መቀመጥም ነውር ነው። እየፈለፈልኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የከተማው ጫፍ ስንደርስ ረዳቱ «አዲሱ! አዲሱ የሚወርድ!» እያለ ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አዲሱ መናኸሪያ ነው ጋሼ።»

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲያዝኑልኝ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። «"አዲስ" በሰዋስው ምንድን ነው? የቃል ክፍሉን ንገሪኝ።»

«ቅጽል።»

«ቅጽል። ቅጽል ከስም ፊት ቆሞ ስሙን ያጎላል እንጂ ለብቻው ቤት አይሠራም። እናንተ ስሙን አውጥታችሁ ቅጽሉን ቤት አስገባችሁት። ነገ ሌላ አዲስ ሲመጣ የዛሬው ምን ይባል? አሮጌው? የትናንቱስ?» ከጥርሳቸው መሐል የበቆሎ ገለባ አወጡ። «እኔ አዲስ ይሁን አሮጌ አላይም። ወፍጮው ያለበት መናኸሪያ፣ ሾላው ያለበት መናኸሪያ ነው የምለው። ስንት ቢሠሩ እኔ አልጠፋም።»

በቆሎዬን እስከ ቆረቆንዳው ጨርሼ ወረድኩ።

በማግስቱ ለነጋሳ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። «አሮጌ» የሚለውን ክፍል ደመሰስነው። ደባልም ባለቤትም ቀረ። ለእያንዳንዱ ስፍር የራሱን ሙሉ ስም ሰጠነው፤ የማሽኑን ዓይነት፣ የሥርዓቱን፣ የመቀባበሉን ደንብ የሚናገር ረዘም ያለ ስም፣ አባትና አያት እንዳለው ሰው። ላይብረሪዎቹም እያንዳንዳቸው በየስፍሩ ስም በተጠራ ክፍል ገቡ።

«ታዲያ ዋናው ማነው?» አለ ነጋሳ።

«ማንም።»

«አንዱ እንኳ ባለቤት አይሁን?»

«ሁሉም በስሙ።»

የቀረው የግቢ አኗኗር ደንብ ነው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ሲኖር ጓዳ ለየብቻ ነው፣ የውጭ በሩ ግን የጋራ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ከሌላ ስፍር መንታው ጋር አብሮ መኖር መቻል አለመቻሉን ራሱ እንዲናገር አደረግን። የሁለቱም የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ሥዕል ወይም የአጠቃቀም መመሪያ፣ ፍጹም አንድ ከሆነ በጋራ ያስቀምጡታል፤ ቅንጣት ከተለየ ለየብቻ። ዕቃ የሚቀባበሉት የግድ የአንድ ስፍር ይሁኑ። ተጠርቶ ሥራውን ለብቻው ሠርቶ የሚሄድ ፕሮግራም ከሆነ ግን የማንም ስፍር ቢሆን ግድ የለም። አራተኛ ማሽን ቢመጣ አራተኛ ክፍል በስሙ ይከፈታል እንጂ የፊተኞቹ አንዳቸውም ከቦታቸው አይነቃነቁም። ወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ያሉንን ፓኬጆች አንድ በአንድ ፈትቶ በዚህ ደንብ መልሶ መጠቅለሉ ነው አጥንት የሚያደክመው። መብራት ይሄዳል፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ይመጣል። ነጋሳ እንኳ ወሬ አለቀበት።

አቶ ታደሰ ጎሬ የመጡ ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ ከኮረብታው በታች ጉሙ ገና አልተነሣም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው ማዳመጫውን ነቀልኩት። ጉንፋናሙ የመጀመሪያዋን ተማሪ ጽሑፍ ጀመረ፦

«እባባ ቤት አለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ዋቅጅራ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙት። «እማማ ናት፣ እባብ አይደለችም። መኖሯን ነው የጻፍሽልኝ፣ እሱ ግን አናገራት። ቀጥል።» ጉንፋናሙ ወደሚቀጥለው ተማሪ ጽሑፍ አለፈ፦ «እኔና ወንድሜ ገበያ ሄድኩ።»

«ቁም» አሉ። ፊታቸው ፈካ። ጆሯቸውን ወደ ተማሪዎቹ አዞሩ። «ይህ የማን ነው? አንባቢ ቢሆን አርሞልህ ነበር። ሁለት ሆናችሁ ወጥታችሁ አንድ ሆናችሁ ነው የደረሳችሁት? ወንድምህን የት ጣልከው?»

አቶ ታደሰ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙና «ይቀጥሉ መምህር» ብለው ሄዱ። ያቺ «ይቀጥሉ» ጋሼ ዋቅጅራን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ክፍላቸው ውስጥ አቆየቻቸው። እኔ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ የደስታ ይሁን የእንቅልፍ ማጣት አላውቅም። ጋሼ ዋቅጅራ በኋላ ወጥተው በእጃቸው ፈልገው አገኙኝና ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆነ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎችም ያንኑ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩበት እንደኖሩና ከኛው መንገድ ላይ እንደደረሱ ከጊዜ በኋላ ሰማን። የነሱ ከኛ የጠራ ነበር። ሊኑክሱ ራሱ ይዞት ሲመጣ የኛን አውጥተን ጣልነው። ነጋሳ ተናደደ፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ የምንጠግነው ሰዎች እኛ ብቻ አለመሆናችንን ሳውቅ ትከሻዬ ቀለለኝ። ነጋሳ ዛሬ ሁሩሙ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። «የኔ ሚስማር የትም ቤት ይገባል፣ ስፍር አይጠይቅም» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር። አቶ ታደሰም የሉም። ጋሼ ዋቅጅራ ዐምና በበልግ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ያልተማረባቸው ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በደሌ የሄድኩት ስለ አዲሱ ሲስተም ሊያስረዱን ጠርተውን ነው። ቀልጠፍ ያለች ወጣት በስክሪን እያሳየች አስረዳችን። ከእንግዲህ ሠላሳ ሁለት ቢት የሚባለው ድጋፍ አይኖረውም፤ «አሮጌው ይወጣል» አለች። ልክ ናት። እሱን ተሸክሞ መኖር ስንት ድካም እንዳለው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ስልኩ ራሱ በለሰለሰ ድምፅ ያነባል፣ አጥብቆም አላልቶም። ለማን ብዬ እከራከራለሁ? እጄን አላነሣሁም።

ከጉዞው ማግስት ቢሮ ገባሁ። ጥግ ላይ በፕላስቲክ የሸፈንኩት አንድ ማሽን አለኝ፤ ያኔ አዲስ የተባለው ነው። ዓመታዊ ማደሻውን ልስጠው ብዬ ስከፍተው፣ ከእንግዲህ የማይደገፉ ፓኬጆች አሉና ላስወግዳቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝርዝሩን አየሁት። ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

«አይ» የሚለውን ተጫንኩና የኢንተርኔት ገመዱን ነቀልኩት። ጉንፋናሙን አስነሣሁት፤ የለም አላለኝም። ጣቶቼ ሳያማክሩኝ «ጋሼ ዋቅጅራ አሉ» ብለው ጻፉ። ፊደሉ ባያሳይም አጥብቄ ነበር የጻፍኩት።

ጉንፋናሙ በተደፈነ አፍንጫው፣ እንደ ልማዱ አላልቶ፣ «ጋሼ ዋቅጅራ አሉ» ብሎ አነበበና ዝም አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

ከዚያም ቀጥሎ የሚነግረኝ ይመስል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጆሮዬን አዙሬ ተቀመጥኩ።